የአንባቢያን ጥያቄ፦ ክሮስቦው፣ ቀስትና የአጋዘን መንጋ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ዘንድሮ የአጋዘን አደን ፈቃድ ሊያወጣ አስቧል፤ «ክሮስቦው ልግዛ ወይስ ቀስት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የማውቀው ጠመንጃ ነው። ክሮስቦው እንደ ጠመንጃ ሩቅ ይመታል የሚባለው እውነት ነው? — ከአዘዞ

መልስ፦ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንደ ጠምዛዛውን የቆላ እንስሳና የባሌውን የደጋ አጋዘን ነው፤ የእነዚህ ቀንድ ዕድሜ ልክ አብሯቸው ይኖራል። የወንድምዎ አጋዘን ሌላ ዘር ነው። ጅራቱ ከሥሩ ነጭ ነው፤ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። በመዝሙረ ዳዊት «ዋላ ወደ ውኃ ምንጮች እንደሚናፍቅ» ሲባል የምንሰማው ዋላ ከዚህ ወገን ነው።

ወደ መሣሪያው ስንመጣ፣ ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ያስቡ። እንጨቱ ይለመጣል፣ አውታሩ ይወጠራል፣ ሲለቀቅ ኃይሉ ሁሉ በአውታሩ ይወጣል። ቀስትም፣ እንደ ጠመንጃ ሰደፍ ላይ የተጋደመ ቀስት የሆነው ክሮስቦውም ሥራቸው ይኸው ነው። ዛሬ አብዛኛው አዳኝ የሚይዘው ኮምፓውንድ ቀስት ጫፎቹ ላይ መዘውር አለው፤ ሚዙሪ ይኖር የነበረው ሆለስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1969 ፓተንት ያገኘበት ነው። ለመሳብ 30 ኪሎ የሚጠይቅ ቀስት እስከ መጨረሻው ከተሳበ በኋላ መዘውሩ ሸክሙን 80 በመቶ ያህል ስለሚያቀል፣ ክንድ ላይ የሚቀረው 6 ኪሎ ግድም ብቻ ነው። ያም ሆኖ አዳኙ ስቦ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሲስብ ደግሞ ክንዱ ይንቀሳቀሳል፣ አጋዘኑም ያየዋል።

ክሮስቦው ይህን ችግር ያስቀራል። ሰደፍና ምላጭ አለው፣ ብዙ ጊዜም መነጽር ይገጠምለታል፤ አስቀድሞ ተስቦ ስለሚቆለፍ ባለቤቱ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። አውታሩን ለመሳብ 70 ወይም 80 ኪሎ ይጠይቃል። ይህ ሲባል ግን ከቀስት ሦስት እጥፍ ይበረታል ማለት አይደለም። የቀስት አውታር 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገፋ የክሮስቦው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚገፋ፣ ከተጨመረው ኃይል ብዙው በዚያ ይበላል። ጥሩ ቀስት ፍላጻውን በሰከንድ ከ85 እስከ 100 ሜትር ሲወረውር፣ ክሮስቦው ከ105 እስከ 135 ሜትር ይወረውራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከየትኛውም ፍላጻ ይቀድማል። ክሮስቦው ደግሞ ከቀስት ይልቅ ይጮኻል። 55 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን ድምፁን በ0.16 ሰከንድ ይሰማል፤ ፍላጻው የሚደርሰው ከ0.44 ሰከንድ በኋላ ነው። በመካከሉ ባለችው ጊዜ እንስሳው ለመዝለል መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ሳንባው ላይ የታለመው ፍላጻ ጀርባው ላይ ያርፋል፣ ወይም በላዩ ያልፋል። 20 ሜትር ላይ ግን እንዲህ ለማድረግ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ለወንድምዎ የምንመክረው፦ በቀስት ከ25 ሜትር፣ በክሮስቦውም ከ35 ሜትር አይለፍ። ክሮስቦው ልምምዱን ያሳጥራል እንጂ እንደ ጠመንጃ ሩቅ አያስመታም።

ጥይት አጥንት ሰብሮ፣ ሥጋ በጥሶ ይጥላል። ፍላጻ የሚገድለው በዋናነት ደም በማፍሰስ ስለሆነ ስለቱ ፀጉር የሚላጭ መሆን አለበት። ዒላማው ከወርቹ ኋላ፣ ከጎድኑ ታችኛው ሲሶ ነው፤ እንስሳው ጎኑን ሲሰጥ ወይም ፊቱን ትንሽ ወደዚያ ሲያዞር። ፊት ለፊት ከቆመ አይተኮስም።

ከተመታ በኋላ መሮጥ አያስፈልግም። ፍላጻውን አንስቶ ደሙን ያስተውል። ሮዝ ሆኖ አረፋ ያለው የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጠቆር ያለ ቀይ የጉበት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይጠብቅ። አረንጓዴ እድፍና የፈርስ ሽታ ካለው ጨጓራ ወይም አንጀት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ቶሎ ከተከተሉት ከተኛበት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ደሙ ስለሚሳሳ ዱካው ይጠፋል።

ክሮስቦው ከመረጠ፣ ከሁሉ በላይ ለጣቶቹ ይጠንቀቅ። አውራ ጣት አውታሩ ከሚሮጥበት መስመር በላይ ከወጣ ይቆረጣል። ሲስብ እግሩን ከፊቱ ያለው ርካብ ውስጥ አስገብቶ በመሳቢያ ገመድ ይሳብ፤ ገመዱ ሸክሙን በግማሽ ያቀላል፣ አውታሩንም መሐል ለመሐል ያስቀምጣል። በእጅ ሲሳብ አውታሩ በትንሹም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ፍላጻው ግራ ወይም ቀኝ ይስታል፤ ሰው ግን መነጽሩን ይወቅሳል። ባዶውን ፈጽሞ አይተኮስም፤ ፍላጻው ሊወስደው የነበረው ኃይል የሚለመጡትን ሁለት ክንፎቹን ይሰነጥቃል፣ አውታሩን ይበጥሳል። ፍላጻውም ፋብሪካው ያዘዘው ክብደትና የኋላ ጫፍ ያለው ይሁን፤ ጫፉ ካልገጠመ አውታሩ ሊስተው ስለሚችል ውጤቱ ባዶ ከመተኮስ አይለይም። ዛፍ ላይ ሲቀመጥ ክንፎቹ ቅርንጫፍ እንዳይመቱ ግራና ቀኙን ይይ። ሲመሽ ደግሞ አብዛኛውን ክሮስቦው በእጅ መልሶ ማላላት ስለማይቻል፣ አንድ አሮጌ ፍላጻ አፈር ወይም ዒላማ ላይ ተኩሶ ያራግፈው።

ጥያቄ፦ ሥጋው ይበላል? — ከፒያሳ

መልስ፦ ሳይባረክ ስለሞተ እንስሳ የሚመልሱት የንስሐ አባትዎ ናቸው። ከጤና አንጻር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየና የአጋዘንን አንጎል የሚያበላሽ በሽታ ዛሬ ቨርጂኒያንም ጨምሮ በብዙ ስቴቶች አለ። ሰውን ስለመያዙ ማስረጃ ባይገኝም፣ በሽታው ባለበት አካባቢ ናሙናው ተመርምሮ ነጻ ካልተባለ አይብሉት። አንጎሉንና የጀርባ አጥንቱን መቅኔ ባይነኩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። መንጋ ለመመጠን ሴቶቹ ይታደኑ ሲባል አንብቤ አዘንኩ። ወንዶቹ አይበቁም? ክሮስቦው ሲፈቀድስ መንጋው አያልቅም? — ከማራኪ

መልስ፦ ማዘንዎ አይገርምም፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንየው። 60 ሴትና 40 ወንድ ያለበትን መንጋ እንውሰድ። ሃያ ወንዶች ቢታደኑ የቀሩት ሃያ ለ60ዎቹ ሴቶች ይበቃሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለደው ግልገል አይቀንስም። ሃያ ሴቶች ቢታደኑ ግን፣ አንዷ በአማካይ አንድ ተኩል ግልገል ትወልዳለች ብንል፣ 30 ግልገል ሳይወለድ ይቀራል። የበሰለች ሴት ብዙ ጊዜ መንታ ትወልዳለች፣ እርግዝናዋም 200 ቀን ገደማ ነው። ተኩላ በጠፋበት አገር ይህን የሚገታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ ቀርተው የነበሩት ባለነጭ ጅራት አጋዘኖች ዛሬ አሜሪካ ውስጥ 30 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። በበዙበት ጫካ ገብተው ቢያዩ፣ አፋቸው እስከሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ፣ ቅጠል የለም፤ ችግኝም አይተርፍም።

መንጋውን የሚጠብቀው ኮታው ነው። ፈቃዱ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደሚታደን ይወስናል፤ አዳኙም የገደለውን ያስመዘግባል። ባለሙያዎች የታደነውን ይመዝናሉ፣ መንጋጋውንም ከፍተው ዕድሜውን ያያሉ። ከፊት ሲቆጠር ሦስተኛው የመንጋጋ ጥርስ ሦስት ጉብታ ካለው እንስሳው ከዓመት ተኩል ገደማ አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ጉብታ ባለው ይተካል። በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉት ከዓመት ዓመት እየከሱ ከሄዱ መንጋው ከግጦሹ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ክሮስቦው ትከሻው የደከመውንና ለመለማመድ ጊዜ የሌለውን ሰው ወደ አደኑ ስለሚያመጣ የሚታደነው ቁጥር ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው ስቴቶች የማይስማሙት፤ ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱን ወቅት ከፈተለት፣ ኦሪገን ግን ለአደን ይከለክለዋል። በእኛ እምነት የሴት ኮታ በማይሞላበት ቦታ መፍቀዱ ትክክል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፌርፋክስ ካውንቲ ቤቶች በከበቧቸው ፓርኮች ቀስትና ክሮስቦው አብሮ ይፈቅዳል፤ አዳኙ ከፍ ካለ ማማ ወደ ታች ስለሚተኩስ የሳተው ፍላጻ መሬት ይገባል።

ጥያቄ፦ ድኩላና ጭላዳ ገብሳችንን ጨረሱት። እኛስ በዚህ መሣሪያ ብንመጥናቸው? ዋልያውም ቢሆን? — ከደባርቅ

መልስ፦ አይሆንም። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ መሣሪያው ጠመንጃም ይሁን ቀስት ለውጥ የለውም። ዋልያ ደግሞ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በዓለም የትም የለም፤ ቁጥሩም በ10 ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው። መመጠን የሚባለው ለተትረፈረፈ መንጋ ነው። ገደሉንም ያስቡ፤ በሳንባው የተመታ እንስሳ እስከ 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል፣ በእናንተ አገር 100 ሜትር ማለት ገደል መግባት ነው።

ለሰብሉ ገብሱ ማሸት ከጀመረበት እስከ አጨዳ ጠባቂ ተራ ያውጡ፤ ጭላዳ ቀን ነው የሚወጣው፣ ድኩላ ግን ማለዳና ማታ ላይ ስለሆነ ሁለት ተራ ያስፈልጋል። ከገደሉ አፋፍ የሚያዋስነውን ማሳ በድንጋይ ካብ ያጥሩ። ጉዳቱ የደረሰበትን ዕለት፣ የማሳውን ስምና የተበላውን ስፋት በእርምጃ ለክተው በደብተር ይያዙ፣ ፎቶም ያንሱ፤ ቀበሌው ፈርሞበት ደባርቅ ለሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያስገቡት።