ካርዱን አውጪና እዪው

እህቴ፣ «የስምንት ወር ልጄን ማጅራት ገትር ላስከትብ ሄጄ በዚያ ስም የሚሰጥ የለም አሉኝ፤ እኔና ባለቤቴስ መከተብ አለብን ወይ?» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም።

ያደግሁት ዘጌ ነው። በ1981 ዓ.ም. በጋ፣ ይህ በሽታ በሀገራችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው በያዘበት ወረርሽኝ፣ የአራት ዓመት ታናሽ ወንድሜ ቡናው ሥር ሲጫወት ውሎ ማታ ትኩሳት ጣለው። ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ታሽቶ ተቀባ፣ ጭማቂውንም ጠጣ። በነጋታው ግን አንገቱ ደርቆ አልታጠፍ አለ፤ ብርሃን ሲያይ ይጮህ ጀመር። በታንኳ ባሕር ዳር ስናደርሰው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ የምጠራው ትከሻውን ነክቼ ነው።

ማጅራት ገትርን የሚያመጣው አንድ ተህዋሲ ብቻ አይደለም፤ ክትባቱም አንድ አይደለም። ልጅሽ በሌላ ስም ሳይወስደው አይቀርም። ፔንታቫለንት የተባለው ክትባት ከሚከላከላቸው አምስት በሽታዎች አንዱ ሂብ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። እናቶች «የሳንባ ምች ክትባት» የምንለው ፒሲቪ ደግሞ ኒሞኮከስን ይከላከላል። ሁለቱም ባክቴሪያዎች የሕፃናትን ማጅራት ገትር ያመጣሉ። ሁለቱም ክትባቶች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነጻ ይሰጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ካርዱን አውጪና ሦስቱም ዙር መሞላቱን እዪ።

ትልቋ ልጄ በ2002 ዓ.ም. ስትወለድ ፒሲቪ ገና አልገባም ነበር፤ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ታናሿ ሁለቱንም አግኝታለች፤ ነገር ግን ቤት ስንቀይር ሦስተኛውን ዙር አሳለፍኩባት። «እንደገና ከአንድ ያስጀምሯታል፣ ይቆጡኛልም» ብዬ ከወር በላይ ቤት ተቀመጥኩ። የጤና ባለሙያዋ ካርዱን አይታ የቀረውን ብቻ ሰጠቻት። ያ ወር ዛሬም ይቆጨኛል። አንቺም የጎደለ ካለ ነገውኑ ሂጂ።

ማጅራት ገትር የሚያመጣው ሦስተኛው ባክቴሪያ ሜኒንጎኮከስ ነው፤ በበጋ ነፋስና አቧራ ወቅት ወረርሽኝ የሚያስነሳው እሱ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የበሽታው ቀጠና እኛንም ይጨምራል። በ1981ዱ ወረርሽኝ ጥፋት ያደረሰው «ኤ» የተባለው ዓይነቱ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሰዎች የተከተቡት ይህንኑ ለመከላከል ነው፤ ትልቋ ልጄም ያኔ ተከትባለች። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ፤ ወረርሽኝ ተነሥቶ ዘመቻ ሲታወጅ የዕድሜ ክልሉ የሚመለከተው ሁሉ ይውጣ።

አንቺና ባለቤትሽ ጤነኞች ከሆናችሁ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱም ኤ፣ ሲ፣ ደብሊውና ዋይ የተባሉትን አራቱን ዓይነቶች የሚከላከለውን ክትባት ሳዑዲ ከመግባታቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው መውሰድና ማስረጃውን መያዝ አለባቸው። ጎረቤቴ ለመጨረሻው ሳምንት ትተውት በጣም ተጨንቀው አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የተከተበ ልጅም ሊታመም ይችላል፤ ክትባቶቹ ሁሉንም ተህዋሲ አይሸፍኑም። ሐኪም ከወገብ ፈሳሽ ልውሰድ ሲል «ሽባ ያደርጋል» ብለው ልጃቸውን አቅፈው የወጡ ወላጆች አውቃለሁ። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፤ የትኛው ተህዋሲ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታወቀውም በዚያ ፈሳሽ ነው። ደግሞ በልጅሽ ዕድሜ አንገት ላይደርቅ ይችላል። ትኩሳት ኖሮት ጡት እንቢ ካለ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ካለ ወይም ስታነሺው ለቅሶው ከባሰ፣ ዳማከሴውን ተዪውና ሌሊትም ቢሆን ባጃጅ አስጠርተሽ ሆስፒታል ውሰጂው።