ተረከዜ ከጅሬን አስቀረኝ

ጥያቄ

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አምስት ጓደኛሞች ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን በእግራችን ጅሬን ስንወጣ ኖረናል። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ አረፍ እንላለን፣ ከተማዋን ቁልቁል እናያለን፣ በእግራችን እንመለሳለን። ጥር ላይ አንዱ «ለምን በለጠ ጫካ ሄደን ሙሉ ቀን አንጓዝም?» አለ። ለልምምድ ብለን ቅዳሜንም ጨመርን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የግራ ተረከዜ ያመኝ ጀመር።

ይኸው አራት ወሩ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ነው የሚመስለኝ። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስውል ማታ ተመልሶ ይመጣል። አማቴ «ብርድ ነው» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው» አለኝ። ራጅ ተነሳሁና «ተረከዝህ ላይ አጥንት በቅሏል» ተባልኩ። እውነት በኦፕራሲዮን ካልወጣ አይድንም? መርፌስ ልወጋ? ተራራውንስ ልተወው? ጓደኞቼ ያለ እኔ መሄድ ጀምረዋል። ከተረከዜ ይልቅ የሚያመኝ እሱ ነው።

«ተረከዜ» ነኝ፣ ከጅማ

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ቀኝ ተረከዜ ጠቅ አደረገኝ። በ2009 ዓ.ም. ስምንት ወር ይዞኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ ሰውን «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» እያልኩ፣ በራሴ እግር ላይ ያልሠራሁት ስሕተት የለም። እሱን ትንሽ ቆይቼ እነግርሃለሁ። (በነገራችን ላይ «ዶክተር» እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። ዶክተር አይደለሁም። ማዕረጉን ሳልማርበት አልወስድም።)

አሁን ጫማህንና ካልሲህን አውልቅ። ግራ እግርህን ቀኝ ጉልበትህ ላይ ስቀል። የእግርህን አውራ ጣት ይዘህ ወደ ቅልጥምህ ሳበው። ውስጥ እግርህ ላይ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ነገር ብድግ ይላል። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶችህ ሥር የሚሄድ ጠንካራ ሽፋን ነው። በእጅህ ወደ ኋላ ተከተለው። ተረከዝህ ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ ወደ ውስጥ ጎን በኩል ጫን ስትለው «ውይ!» ካልክ፣ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይትስ የሚሉት ነው። ብንወራረድ የምረታህ ይመስለኛል።

የጠዋቱ ሚስማር ምሥጢሩ እዚህ ነው። ተኝተህ እግርህ ወደ ታች ዘርጋ ብሎ ያድራል፤ ሽፋኑም አጥሮ ያድራል። ስትቆምበት በአንድ ጊዜ ይወጠራል። በርጩማ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተህ ስትነሳም የመጀመሪያዋ እርምጃ ታምህ ይሆናል። ያው ነገር ነው።

አማትህን አክብረህ ስማቸው፤ ካልሲ ብታደርግ የሚጎዳህ ነገር የለም። ግን ብርድ አይደለም። ሪህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት መገጣጠሚያው ላይ ነው የሚጀምረው። በድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮሃል። ያንተ አይመስልም። ሥጋህን ብላ።

«አጥንት በቅሏል» የሚለው ወሬ ስንቱን አስለቅሷል መሰለህ። ያቺ ሹል አጥንት ተረከዛቸውን አሟቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ራጅ ላይም ትታያለች። ያንተ ጤነኛው ቀኝ እግር ራጅ ቢነሳ እዚያም ልትገኝ ትችላለች። ሕመሙ ሲለቅህ እሷ እዚያው ትቀመጣለች፣ አንተም ተራራ ትወጣለህ። ኦፕራሲዮን የሚታሰበው ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ፣ ሁሉን ሞክሮ ላልተሻለው ጥቂት ሰው ነው። ከጭንቅላትህ አውጣው።

ታዲያ ማን አመጣው? ጅሬን አይደለም። ከመሃል ከተማ እስከ ቤተ መንግሥቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 14። ሦስት ዓመት በሳምንት 14 የለመደ እግር ላይ በአንድ ጊዜ 28 ጫንክበት። ያውም ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ። ሌላውን አምስት ቀን ሰሌዳ ፊት ገትረኸዋል። ዕድሜውም ነው፤ ይህ ሕመም ከ40 እስከ 60 ባለው ሰው ላይ ይበዛል። ኪሎ ከጨመርክም አንድ ሰበብ ነው፣ ግን በዚህ አልጨቀጭቅህም።

አንድ ሌላ ተከሳሽ አለ፦ ሊሾ። የእኛ አገር ጭቃ ታውቀዋለህ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ከዚያ ሰውዬው በባዶ እግሩ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ሲመላለስ ያመሻል። ተረከዙን የሚያመው ሰው ሲመጣ ስለ ተራራው ከመጠየቄ በፊት ስለ ቤቱ ወለል እጠይቃለሁ። ዛሬ ማታ ሶሉ ወፈር ያለ ሸበጥ አልጋህ ሥር አስቀምጥ። የመጀመሪያዋ እርምጃህ እሱ ላይ ትሁን። ያ ወረቀት የመሰለው የሻወር ሸበጥ አይቆጠርም።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት። ሁለት ወር አነከስኩና ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ክሊኒክ ገብቼ ተረከዜን መርፌ ተወጋሁ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ። እኔም ዳንኩ ብዬ በሳምንቱ በለጠ ሄድኩ፤ ሸቤ አካባቢ ከመኪና ወርጄ ጫካው ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ስመለስ ባጃጁ ድረስ በጓደኛዬ ትከሻ ነው የደረስኩት። መርፌው ሕመሙን ለጥቂት ሳምንት ያደበዝዛል እንጂ ሽፋኑን አያጠነክረውም። ሲደጋገም ደግሞ ሽፋኑ ሊበጠስ፣ ተረከዝ ሥር ያለው የስብ ትራስም ሊሳሳ ይችላል። ፈጽሞ አይወጋ አልልም። ግን የመጀመሪያ ምርጫ አታድርገው፤ ከወሰድክም በማግሥቱ ተራራ አትውጣ። ክኒኑም እንደዚያው ነው። አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ያስታግሳል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካለብህ ግን ሳትጠይቅ አትዋጥ።

እኔን ያዳነኝ የበር ደረጃ ነው። ከሁሉም ይኼኛውን አጥብቀህ ያዝልኝ። ፎጣ ጠቅልለህ ደረጃው ጫፍ ላይ አድርግ፤ ጣቶችህ ፎጣው ላይ ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ተረከዝህ ከደረጃው ውጭ ይንጠልጠል። ግድግዳ ያዝ። ሦስት እየቆጠርክ በቀስታ ተነስ። ጫፉ ላይ ሁለት ቁጠር። ሦስት እየቆጠርክ ውረድ። 12 ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና። ሦስት ዙር ይሁን፣ ቀን እየዘለልክ። በአንድ እግር ካቃተህ በሁለቱ ጀምር። ሲቀልህ ቦርሳ አዝለህ ደብተር ጨምርበት። አስተማሪ ነህ፣ ያልታረመ ደብተር አታጣም። ሲሠራ ትንሽ ያማል፤ ማግሥቱን ጠዋት ካላባሰው ችግር የለውም። በሁለት ሳምንት ውጤት ካላየህ አትተወው። እኔ ለውጥ ያየሁት ሁለተኛው ወር ላይ ነው።

ከአልጋ ሳትወርድ ደግሞ ቅድም ያሳየሁህን አድርግ። ጣቶችህን ወደ ላይ ስበህ አሥር ቁጠር፣ አሥር ጊዜ። እጅህ ካልደረሰ የባለቤትህን ነጠላ ውስጥ እግርህ ላይ አዙረህ ሳብ። በቀን ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ከተቀመጥክበት ከመነሳትህ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ባትህንም አትርሳ። ግድግዳ ገፋ አድርገህ፣ የታመመውን እግር ወደ ኋላ ዘርግተህ፣ ተረከዝህን መሬት አስነክተህ 30 ሰከንድ። አንዴ ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ፣ አንዴ ሸብረክ አድርገህ።

ማታ ሲጠዘጥዝህ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ ውኃ አድርገህ ፍሪዘር ውስጥ ክተት። አፉ ድረስ አትሙላው፣ ሲረጋ ያብጣልና። ካልሲ አድርገህ 10 ደቂቃ ያህል ከውስጥ እግርህ ሥር አንከባልለው። መብራት ከሌለ ሳይረጋም ቢሆን ማንከባለሉ አይከፋም። አንዱ ታካሚዬ በቡና ዘነዘና ሲያንከባልል እናቱ ደረሱበት። የተረከዙ ሕመም ተረሳ፣ ሌላ ጉዳይ ተነሳ። አንተ በሃይላንድ ይብቃህ።

ወጌሻ ጋ ልሂድ የምትል ከሆነ፣ ባትህን በቅባት ቢያሹልህ ደስ ይልሃል። ተረከዝህን በኃይል ልጫን ካሉህ ግን አመስግነህ ውጣ። ሙቅ ውኃና ጨውም ያዝናናል። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩን ሙቅ ውኃ ውስጥ እንዳይነክር፤ ሳይሰማው ይቃጠላል።

ጫማ ብዙ አያወጣህም። የለበስከውን ሁለቱን ጫፍ ይዘህ እንደ ፎጣ ጠምዝዘው። እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘልህ፣ ወይም ሶሉ በአንድ ወገን ከተበላ፣ ተራራ ላይ አይወጣም። ሂርማታ መርካቶ ሰልባጅ ስትመርጥ የላዩን አታድንቅ፣ ገልብጠህ ሶሉን እይ። ተረከዙ በኩል ትንሽ ከፍ ያለና ሲጫኑት መልሶ የሚነሳ ይሁን። ጫማ ሰፊው ጋ ጠንከር ካለ ስፖንጅ የተረከዝ መደገፊያ ብታስቆርጥም ይረዳል። ለሁለቱም እግር አስቆርጥ፣ አለዚያ ወገብህ ይከስሃል።

ተራራውን ልተወው ወይ ላልከው፦ አትተወው። ለጊዜው ግን መጠኑን ቀንስ። ጥሩ ጊዜ ጻፍክልኝ፣ ክረምቱ ገብቷል፤ ጅሬን ራሱ አሁን ያንሸራትታል። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ቀን እየዘለልክ 20 ወይም 30 ደቂቃ ተራመድ። ሕመሙን ከአሥር ስጠው። እስከ ሦስት ከሆነና ነገ ጠዋት ከዛሬው ካልባሰ ቀጥል። ከባሰ ቀንስ። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሄድክ ጅሬንን በግማሽ ጀምር፦ ውጣና በባጃጅ ተመለስ። አቀበቱ ላይ እርምጃህን አሳጥር፤ ረጅም እርምጃ ሽፋኑን ይወጥረዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ተረከዝን ይቀጠቅጣል፣ ለዚህ ነው ባጃጁ። ከዘራ ያዝ። የሽማግሌ ነው ብለህ አትፈር፤ ጭቃው ላይ ያለ ከዘራ የወደቀ ወጣት በዓይኔ አይቻለሁ። መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ ሙሉውን ለመውጣት አስብ። ቅዳሜን ግን ለጊዜው ለሚስትህ ተውላት። በለጠን ለጥር አቆየው።

ጓደኞችህን ደግሞ ንገራቸው። እሁድ ባጃጅ ይዘህ ላይ ጠብቃቸው፣ ቡናውን አንተ አዝዝ። እኔ በ2009 ያጣሁት መራመዱን ብቻ አልነበረም።

ሳትዘገይ ሐኪም ጋ የምትሄደው መቼ ነው? ተረከዝህን ከግራና ከቀኝ በመዳፍህ ስትጨምቀው ክፉኛ ካመመህ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላልና ተራራውን ዛሬውኑ አቁም። ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከደነዘዘህ ወይም ከጠቀጠቀህ፣ ተኝተህም ሌሊት ካልለቀቀህ፣ ወይም «ጧ» የሚል ነገር ሰምተህ ከዚያ መቆም ካቃተህ አትጠብቅ። ሁለቱም ተረከዝ ሲያምና ጠዋት ወገብ ለረጅም ሰዓት ሲደርቅም መታየት አለበት።

ጥያቄ

ጋሼ፣ 11 ዓመት የሆነው ልጄ ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ሁለቱንም ተረከዙን ከኋላ በኩል ያመዋል። ኳሱን ላስቆመው?

የተጫዋቹ እናት፣ ከቆጪ

መልስ

እህቴ፣ ይኼ ከላይኛው የተለየ ነው። ከ8 እስከ 14 ዓመት አካባቢ የተረከዝ አጥንት ገና እያደገ ነው። የባት ጅማት የሚያያዘው እዚያው እያደገ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ሩጫና ዝላይ ሲበዛ ያማል። አጥንቱ አድጎ ሲጨርስ ይጠፋል፤ ለወደፊት ጠንቅ አይተውም። ታኬታው ሶሉ የሳሳ ከሆነ የተረከዝ ስፖንጅ አድርጊለት፣ ከጨዋታ በኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዢለት፣ ባቱን በግድግዳ ያሳስብ። አንዱን ብቻ ካመመው፣ ካበጠ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰው ሐኪም ይየው። እያነከሰ ከሆነ የዚያን ቀን ጨዋታ ይቅርበት። ሳያነክስ የሚሮጥ ከሆነ ግን ኳሱን አትደብቂበት።