ባሌስትራ ቢጨመርም 15 ኩንታል አይጫንም

ወንድሜ፣ «ባሌስትራ ካስጨመርኩ በሃይሉክሴ 15 ኩንታል ሽንኩርት ከፎገራ አዲስ አበባ ማድረስ እችላለሁ?» ብለሃል። እባክህ አታድርገው። ባሌስትራው፣ ማለትም ከሥር ጭነቱን የሚሸከመው የተነባበረ ብረት፣ የኋላውን ቀና ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑንና ሻንሲውን (የመኪናውን ዋና የብረት አካል) አያጠነክርም። ፒክአፕህ የተሠራው ለ1 ቶን ገደማ ነው፤ ያውም ሰው ተቆጥሮ።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ አስበው። ደጋግመህ ስትረግጥ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከኋላ ሲከብድ ደግሞ የፊት ጎማ ይቀላል፤ መሪውም እሺ አይልህም።

የጎማህን ጎን እየው። 112 የሚል የጭነት ኮድ ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው። ጭነቱ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚያርፈው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ የመኪናው የራሱ ክብደትም አለ። 8 ኩንታል ጫን፣ የቀረውን ለአይሱዙ ስጥ።