ወደ ክልል ለምትመደቡ ወጣት መርማሪዎች

ልጆቼ፣ ከፌዴራል ፖሊስ ወደ ክልል ስትላኩ የክልሉ ፖሊስ የእናንተ የበታች አለመሆኑን አውቃችሁ ሂዱ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 መሠረት ክልል የራሱን ፖሊስ ያደራጃል፣ ይመራል፤ ኮሚሽነሩም የሚጠየቀው ለክልሉ መንግሥት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ የሚያዝ መስሎት "ይህን ፈጽሙ" እያለ የሚገባ መርማሪ፣ ፊት ለፊት "እሺ" ይባላል እንጂ መዝገቡ ንቅንቅ አይልለትም።

ታዲያ ቅንጅቱ በምን ይሠራል? ሥልጠናው፣ የመረጃ ልውውጡ፣ የጋራ ዕቅዱ ሁሉ አለ። እኔ ግን ዋናው ውክልናው ነው እላለሁ። ሐሰተኛ ብርን እንውሰድ። ወንጀሉ የፌዴራል ነው፤ የሚያዘው ግን በወረዳ ገበያ ነው፤ እዚያ የሚደርሰውም የወረዳው ፖሊስ ነው። ለዚህ ነው አዋጅ ቁጥር 720/2004 የፌዴራል ፖሊስ ሥልጣኑን ለክልል ፖሊስ በውክልና እንዲሰጥ የፈቀደው።

የውክልና ደብዳቤ ብቻውን ግን መርማሪ አያደርግም። የወረዳው ባልደረባችሁ የያዘውን ብር ፖስታ ውስጥ ሲያሽግ የእያንዳንዱን ኖት ተራ ቁጥር መመዝገብ አለበት፤ እማኞች ይፈርሙ፤ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘውን ብር፣ ማን ለማን እንዳስረከበ ይጻፍ። አንዱ ከጎደለ ጠበቃው ችሎት ላይ የሚይዘው እሱን ነው። ተጠርጣሪውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ የማይቆጠረው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ መዝገቡ ከተበላሸ በኋላ በወቀሳ ደብዳቤ ከምትነግሩት፣ አስቀድማችሁ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አንድ መዝገብ አብራችሁ አደራጁ። የእናንተን ያህል ሥልጠና አላገኘ ይሆናል፤ አካባቢውንና ሰዉን ግን ከእናንተ በላይ ያውቃል። (በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንደገና ሲደራጁ አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ስለተወሰነ፣ በአንድ ጣቢያ ልዩ ልዩ ልምድ ያላቸው አባላት ብታገኙ አትደነቁ።)

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። መዝገቡ ወደ ማዕከል ከመጣ በኋላ ወረዳው ይረሳል። ክስ ተመሠረተ? ተፈረደ? ማንም አይነግረውም። በየሦስት ወሩ "ሪፖርት ላኩ" ብቻ ይባላል። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ውሳኔው ሲወጣ ግልባጩን ለጣቢያው ላኩ፤ መዝገቡን ላደራጀው መርማሪም ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት።