ሪስታርት የምትለዋን ቁልፍ አትንኳት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ስልክ

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ሐዋሳ አቶቴ ነው የምኖረው። ያገለገለ ፒክስል 6ኤ ገዝቼ የአክስቴ ልጅ ቡትሎደሩን (ስልኩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ከፍቶ በማጂስክ በሚባል አፕ ሩት አደረገልኝ፣ ማለትም ስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን አገኘሁ። እስካሁን አሪፍ ነበር። አሁን ግን የሲስተም አፕዴት በመጣ ቁጥር አወርዳለሁ፣ ትንሽ ይሄድና መጫን አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ሦስቴ ሞከርኩት፤ ያለቀው የኔ ፓኬጅ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ቡትሎደሩን መልሰህ ቆልፈው፣ ይስተካከላል» ይለኛል። ልቆልፈው ወይ?

መልስ፦ እንዳትቆልፈው! ሌላውን ባታነብ እንኳ ይቺን ብቻ ያዝልኝ።

ፒያሳ ስልክ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው እሱ ጋ ጎራ ስል ልክ ያንተን ዓይነት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ባለቤቱ ሩቱን ሳያነሳ በኮምፒውተር ቆልፎታል። ስልኩ ይበራል፣ ቀይ ምልክት ያወጣል፣ የሚነሳ ሲስተም አላገኘሁም ይላል፣ እዚያው ይቆማል። መልሰን እንክፈተው ስንል ደግሞ ሰውየው ሴቲንግ ውስጥ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የምትፈቅደዋን፣ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የምትለዋን ቀድሞ አጥፍቷታል። እሷን ለማብራት ስልኩ መነሳት አለበት፤ ስልኩ እንዲነሳ ደግሞ መጀመሪያ መከፈት አለበት፤ ለመከፈት እሷ መብራት አለባት። ወዳጄ ስልኩን አገላብጦ አየውና «ይሄ ከዛሬ ጀምሮ የወረቀት መጫኛ ነው» አለ።

ነገሩ ቀላል ነው። የተቆለፈ ቡትሎደር የፋብሪካውን ፊርማ ያላገኘበትን ቡት ኢሜጅ (ሲስተሙ የሚነሳበትን ፋይል) አያስነሳም። ማጂስክ የሚነካካው ደግሞ እሱኑ ቡት ኢሜጅ ነው።

አፕዴቱም እምቢ የሚልህ ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ከአንድሮይድ 5 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ አፕዴት የሚሠራው ፋይል በፋይል ሳይሆን ብሎክ በብሎክ ነው። በየወሩ የሚመጣልህ ትንሹ አፕዴት ሙሉ ሲስተም አይደለም፣ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ የሱሪህን ቀዳዳ ለክቶ የቆረጠው እራፊ በለው። ከመስፋቱ በፊት ሱሪው ያው የለካው ሱሪ መሆኑን ያያል። አንተ ጋ ሲመጣ ግን ሱሪው ተነክቷል፣ ስለዚህ ትቶት ይሄዳል። መቶ ጊዜ ብታወርደው ያው ነው። መጀመሪያ ኦሪጅናሉን ለጊዜው መመለስ፣ ከዚያ አፕዴት ማድረግ፣ ከዚያ ደግሞ ስልኩ ሳይጠፋ ሩቱን አዲሱ ላይ ማስገባት ነው ዘዴው። ሁሉም ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ያንተ ስልክ ሲስተሙን የሚያስቀምጠው ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ነው፤ ይሄ አሠራር በአንድሮይድ 7 የመጣ ነው። በአንዱ እየተጠቀምክ አፕዴቱ ሌላው ላይ ይጫናል። እንዲህ ዓይነት ስልክ ላይ ያለ ኮምፒውተርም ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ገብተህ አውቶማቲክ የሲስተም አፕዴትን አጥፋ፣ አለበለዚያ ሌሊት ተኝተህ ራሱ ይጀምርልሃል። የማጂስክ ሞጁሎች (ተጨማሪ ማሻሻያዎች) ካሉህ እነሱንም ለጊዜው አጥፋቸው። ከዚያ ማጂስክ ውስጥ «አንኢንስቶል» ስትል ሁለት ምርጫ ይመጣል። «ሪስቶር ኢሜጅስ» የሚለውን ንካ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋ የሚለውን አይደለም። ስልኩን አታጥፋ። ወደ ሲስተም አፕዴት ሂድና ጫን። ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ቡናህን ጠጣ። ሲጨርስ ሪስታርት አድርግ የምትል ቁልፍ ታወጣለች። እሷን አትንካት! ወደ ማጂስክ ተመለስ፣ «ኢንስቶል»፣ ከዚያ «ኢንስቶል ቱ ኢንአክቲቭ ስሎት» (አፕዴቱ የተጫነበት ሌላኛው ክፍል ላይ ጫን ማለት ነው) የሚለውን ምረጥ፣ ሪስታርቱንም ከዚያው ከማጂስክ አድርገው።

እኔ አንዴ እጄ ለምዶብኝ ያቺን ቁልፍ ነክቻታለሁ። ስልኩ አልሞተም፤ አፕዴት ሆኖ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ሩቱ ግን ጠፍቶ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ያው ላፕቶፕ ልመና ነው።

«ሪስቶር» ስትል ኦሪጅናሉ ባክአፕ የለም ካለህ የአክስትህ ልጅ ቡት ኢሜጁን ያዘጋጀው ሌላ ስልክ ላይ ነው ማለት ነው። ያኔ በኮምፒውተር መሄድ ግድ ነው። እውነቱን ለመናገር ለፒክስል እኔ ሁልጊዜም የምመርጠው ይሄኛውን ነው፣ ምክንያቱም ጉግል የፒክስልን ሙሉ ፋይሎች ለማንም በነፃ ያወጣል። ሙሉው አፕዴት ወደ 2 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ሂድ። እሱ እንደ ትንሹ አሮጌውን አይለካም፣ ሙሉ ሱሪ ነው ይዞ የሚመጣው። ከሪከቨሪ (ከስልኩ የጥገና ገጽ) ላይ በኤዲቢ፣ ማለትም ስልኩን ከኮምፒውተር በሚያዘው መሣሪያ፣ ሳይድሎድ ታደርገዋለህ፣ ፎቶህም መልእክትህም አይጠፋም። ከዚያ የዚያኑ አዲስ ቨርዥን ቡት ኢሜጅ ከፋብሪካ ፋይሉ ውስጥ አውጥተህ በማጂስክ ታስነካዋለህ፣ ፋስትቡት በሚባለው ሌላው የኮምፒውተር መሣሪያ ትጭነዋለህ። የድሮውን ቡት ኢሜጅ አዲስ ሲስተም ላይ የሚጭኑ አሉ፤ ሎጎ ላይ ቆሞ የሚያድረው የነሱ ስልክ ነው። ከፒክስል 7 ጀምሮ ደግሞ የሚነካው ቡት ሳይሆን ኢኒት ቡት የሚባለው ነው። ያንተ 6ኤ ስለሆነ ቡት ነው።

ዴስክቶፕ ላይ ከሆንክ መብራቱን አትመነው፣ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ፈልግ። ኬብሉም ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፣ ቻርጅ ብቻ የሚያደርገውን ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን ያደከመኝ ሰው አለ። እና ስልክህ ገና አንድሮይድ 12 ላይ ከሆነ አስብበት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ፒክስል 6፣ 6 ፕሮና 6ኤ ላይ ቡትሎደሩን ወደኋላ እንዳይመለስ አድርጎታል። ከወጣህ ወደ 12 መውረድ የለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጋላክሲ ኤ52 አለኝ፣ ወንድሜ ሩት ካደረገልኝ ወዲህ አፕዴት ጭራሽ አይመጣም። ሲስተሙ ያለፈቃድ ተለውጧል ይለኛል። የደንበኞቼ ስልክ ቁጥርና የልብሶቼ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው፣ ሳይጠፋብኝ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ፣ ግን መጀመሪያ ባክአፕ አድርጊ። ሳምሰንግ ላይ ከስልኩ የሚመጣውን አፕዴት እርሺው፣ በኮምፒውተር ኦዲን በሚባለው የሳምሰንግ መጫኛ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ለስልክሽ ሞዴልና አገር ኮድ የወጣውን አዲሱን ፈርምዌር (የስልኩን ሙሉ ሲስተም) ታወርጃለሽ፣ ሲፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒና ሲኤስሲ የሚባሉ ፋይሎች ይወጡታል። ኤፒውን ወደ ስልክሽ ወስደሽ በማጂስክ ታስነኪዋለሽ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ትመልሺዋለሽ። ስትመልሺ በተለመደው መንገድ ጎትተሽ አትገልብጪ፣ ትልልቅ ፋይል እንደዚያ ሲገለበጥ ይበላሻል። በኤዲቢ አውጪው።

አሁን የፈራሽው ቦታ ጋ ደረስን። ሲኤስሲ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው «ሲኤስሲ» ስልኩን ሙልጭ አድርጎ ያጸዳል። «ሆም ሲኤስሲ» የሚለው ዳታሽን አይነካም፣ ኦዲን ላይ እሱን አስገቢ። አንድ ሌላ ነገር፣ የፈርምዌሩን ቨርዥን ከመጨረሻ ወደኋላ ቁጠሪና 5ኛው ላይ ያለውን ቁጥር ወይም ፊደል እዪ። አሁን ስልክሽ ላይ ካለው የሚያንስ ከሆነ አይጫንም፣ አትድከሚ።

ኖክስን፣ ማለትም የሳምሰንግን የደኅንነት ሥርዓት በተመለከተ፣ ሩት ሲደረግ ከ0 ወደ 1 ዞሯል፣ እሱ ውስጡ ያለ ፊውዝ ስለሆነ ምንም ብትጭኚ አይመለስም። ሴኪዩር ፎልደርን (የተቆለፈውን የሚስጥር ማስቀመጫ) ተሰናበቺው።

ጥያቄ፦ እንደምን ነህ ልጄ። ልጄ ሬድሚዬን ሩት አድርጎልኝ የባንክ አፑ አልከፈትም አለ። አፕዴት ባደርገው ይከፈታል?

መልስ፦ አይከፈትም አባቴ። አንዳንድ የባንክ አፖች ጉግልን «ይሄ ስልክ ያልተነካካ ነው ወይ» ብለው ይጠይቃሉ፣ ቡትሎደሩ ክፍት ከሆነ መልሱ ጥሩ አይሆንም። ማታለያ አለ፣ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አፑ ሲታደስ ይቆማል። ገንዘብዎን በየሳምንቱ እየታገሉ ከሚያዩ ሩቱ ለምን እንደሚያስፈልግዎ መጀመሪያ ልጅዎን ይጠይቁት። እኔን ካሉኝ ወደ ኦሪጅናሉ ይመልሱት።

መቆለፍ ልክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉ ኦሪጅናል ሲስተም ተጭኖ፣ ስልኩ በሰላም ተነስቶ ከታየ በኋላ። ልጅዎ ሚ ፍላሽ በሚባለው የሻውሚ መጫኛ ፕሮግራም ሲጭን ከታች «ክሊን ኦል ኤንድ ሎክ» የምትለዋ ራሷ ተመርጣ ትጠብቀዋለች፣ ሳያይ እንዳያልፋት ይንገሩት። በተለይ ስልኩ ለቻይና ገበያ የተሠራ ሆኖ ግሎባል ሲስተም የተጫነበት ከሆነ ሲቆለፍ አይነሳም፣ መልሶ መክፈቱም ሻውሚ ጋ ብዙ ጊዜ ቀናት መጠበቅ አለው። ሳጥኑ ካለ ከየት እንደመጣ ያሳዩት። ፎቶዎቹንም ቀድሞ ፍላሽ ላይ ይገልብጥልዎ፣ ሲቆለፍም ሲከፈትም ሁሉም ነው የሚጠፋው።