0.39 ከ0.4 ይበልጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። አስርዮሽ ከጀመሩ ወዲህ ግራ ተጋብታለች። «0.39 ከ0.4 ይበልጣል» ብላ ድርቅ ትላለች። ስለ ፕላኔት ከተወራ ግን ምግቧንም ትረሳለች። በዚያ በኩል ልያዛት ብዬ ሮኬት የተሳለበት መልመጃ ገዛሁላት፤ ሮኬቱን ቀለም ቀብታ ቁጥሩን ተወችው። ምን ይሻለኛል? እናት ነኝ።

መልስ፦ አይፍረዱባት። ሮኬቱን አውጥተው ድመት ቢያስገቡበት መልመጃው ያው ነው። ቁጥሩ ራሱ ከህዋ የመጣ ይሁን።

ስህተቷ የብዙ ልጆች ነው። 39 ከ4 ስለሚበልጥ እንደ ሙሉ ቁጥር አየችው። ስታነብ «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ዘጠኝ» ሳይሆን «ዜሮ ነጥብ ሦስት ዘጠኝ» ማለትን ያስለምዷት።

ረዘም ያለ ወረቀትና ማስመሪያ ያምጡ። ጫፉ ላይ ፀሐይን ትሳል። ከዚያ 10 ሴንቲሜትር ርቃ መሬት ትቀመጥ፤ ይህ ርቀት 1 ይባል። በእውኑ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ ሴንቲሜትር አንድ አስረኛ፣ አንዱ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ ሆነ ማለት ነው። በአማካይ ሜርኩሪ 0.39፣ ቬነስ 0.72፣ ማርስ 1.52 ላይ ናቸው። እሷ ትለካ፤ እርስዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ሜርኩሪን 3 ሴንቲሜትር ከ9 ሚሊሜትር ላይ ካስቀመጠች በኋላ «አንዲት መንኮራኩር 0.4 ላይ ቆማለች፤ ለፀሐይ የሚቀርበው የቱ ነው?» ይበሏት። መንኮራኩሯ ሜርኩሪን በአንድ ሚሊሜትር አልፋ ትገኛለች። ክርክሩ እዚያው ያልቃል። 0.4 እና 0.40 አንድ ቦታ መሆናቸውንም ያኔውኑ ያሳዩአት። ጁፒተር 5.2 ላይ ስለሆነ ወረቀት ይቀጠላል። ኔፕቱን 30 ገደማ ነው፤ ለእሱ ሦስት ሜትር ወለል ይፈልጉ።

ማባዛት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሚዛን ይጠቅማል። የማርስ ስበት የመሬትን 0.38 ያህል ነው። እዚህ 30 ኪሎ የምትመዝን ልጅ እዚያ ብትወጣበት ሚዛኑ 11.4 ያሳያታል። ተባዝቶ አነሰ! ቶሎ አያስረዷት፤ ትንሽ ታውጠንጥነው።

ደቂቃን ግን ለጊዜው ይተዉት። የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ 8.3 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ለልጆች ሲነግሩ «8 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ» የሚል አይጠፋም። 0.3 ደቂቃ ግን 18 ሰከንድ ነው፤ ደቂቃ 60 ሰከንድ እንጂ 10 ወይም 100 አይደለማ። ማስመሪያው ላይ ያለው በደንብ ሲገባት ይመለሱበት።