ወሊድ በኮንትራት ሲቆጠር፦ ስለ ፊሊፒንስ ቤተሰብ ለጠየቃችሁኝ

ዱባይ ለስድስት ዓመት በሠራሁበት ሕንፃ ከላይም ከታችም የፊሊፒንስ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አገራቸው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ጥያቄያችሁን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እህታችን፣ ከፊሊፒንስ ይህን ያህል ሰው ለሥራ ወደ ውጭ የሚወጣው መንግሥት እየላከው ነው?

መንገዱን የጠረገው መንግሥት ነው። በ1974 በፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ዘመን የወጣው የሠራተኛ ሕግ የውጭ አገር ሥራን የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። መጀመሪያ በብዛት ወደ ዓረብ አገር ግንባታ የሄዱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶቹ በኋላ በዙ። በ2022 ውጭ አገር ከነበሩት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የፊሊፒንስ ሠራተኞች ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ። ከማርኮስ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነችው ኮራዞን አኪኖ «አዲሶቹ ጀግኖች» ብላቸዋለች። ሙገሳው ግን የሕፃን ዳይፐር አይቀይርም።

ታዲያ ልጆቹን ማን ያሳድጋል?

አያት፣ አክስት፣ ወይም የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ። አያቲቱን «ሎላ»፣ ታላቅ እህትን «አቴ» ይሏቸዋል። አባት ቤት ቢቀርም ሥራው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሴት ይዞራል። ፊሊፒናዊት ጎረቤቴ አገሯ ላለው ልጇ የምትልከውን ካርቶን በየወሩ ስትሞላ እመለከታት ነበር፤ ሳሙና፣ ጫማ፣ ቸኮሌት፣ የታሸገ ሥጋ። ጫማውን በስልክ በነገሯት ቁጥር ትገዛለች። ካርቶኑ በመርከብ ብዙ ሳምንት ስለሚቆይ፣ የልጁ እግር እስከዚያ እንዳያድግ ብላ አንድ ቁጥር ትጨምርበታለች።

ገንዘብ ካላቸው ለምን ብዙ አይወልዱም?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት በአማካይ ወደ 6 ልጅ ትወልድ ነበር። በ2017 ቁጥሩ 2.7፣ በ2022 ደግሞ 1.9 ሆነ። ስደት ብቻውን አላወረደውም፤ ትምህርትና የከተማ ኑሮም አሉበት። የኮንትራት ሠራተኛ ግን በሁለት ዓመት አንዴ ነው ቤቷ የምትገባው። ከውጭ የሚላከውም ገንዘብ የግል ትምህርት ቤትና የነርስነት ትምህርት ስለሚከፍል፣ ለሦስተኛ ልጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መርከበኛ ባል ያላት ሴትም ያው ናት፦ ባሏ ከመሠረታዊ ደመወዙ 80 በመቶውን ወደ ቤት እንዲልክ ይገደዳል፣ እሱ ራሱ ግን ለወራት ባሕር ላይ ነው።

ካቶሊኮች አይደሉም እንዴ?

አብዛኞቹ ናቸው። የቤተሰብ ዕቅድን የሚደግፈው ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ለዓመታት ከተሟገተ በኋላ በ2012 ጸደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2014 አብዛኛውን አጸናው። ውርጃ ዛሬም ክልክል ነው። ከሙስሊሞች በስተቀር ፍቺም የለም፤ ጋብቻን በፍርድ ማፍረስ ይቻላል፣ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ተራርቆ የፈረሰ ትዳር በወረቀት ላይ ቆሞ ይቀራል፤ በአጠገቡ ሌላ ቤት፣ ሌላ ልጅ ይኖራል።

ሥራ ላይ ሆና ብታረግዝስ?

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ሲንጋፖር ውስጥ የቤት ሠራተኛ በየስድስት ወሩ ትመረመራለች፣ የእርግዝና ምርመራም አለበት፤ እርጉዝ ሆና ከተገኘች አብዛኛውን ጊዜ ወደ አገሯ ትላካለች። ሆንግ ኮንግ በሕግ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ትሰጣለች፣ እርጉዝን ማባረርም ትከለክላለች። ሠራተኛዋ ግን በአሠሪዋ ቤት ነው የምታድረው፤ ሕፃኑን የት ታስተኛዋለች? በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ጋብቻ ማርገዝ እስር ሲያስከትል ኖሯል፤ ሕፃኑ የልደት ወረቀት ካጣ ፓስፖርትም አያገኝም። ይህንንስ የእኛ አገር ሴቶችም ያውቁታል፤ አንዱ ጣሪያ ሥር ነው የኖርነው።

ያቺ ጎረቤትሽ ሁለተኛ ልጅ ወለደች?

ወለደች። ሁለተኛው ኮንትራት ሲያልቅ አልፈርምም አለች። የቀን መቁጠሪያ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ፣ የምታጠባበትን ወር፣ ጡት የሚጥልበትን፣ ሎላ የምትረከብበትን በእርሳስ ምልክት አደረገች። ልጁ አሥር ወር ሳይሞላው ዱባይ ተመለሰች። ካርቶን ስትሞላ የሁለት ልጆች ጫማ ትገዛ ጀመር።